የተናኜ አይጥ

ይርሳው ከፍኖተ ሰላም ገበያ ሲመለስ ሚስቱ ተናኜ ተቀብራ ደረሰ። ቡሬ ዳር ካለው ጎጇቸው የጠበቀችው፣ ተናኜ በአጨዳ ጊዜ ከማሳ አንስታ ያላመደቻት ጅራተ ጸጉራም የሜዳ አይጥ ብቻ ነበረች። ሙዳዩን ሁሉ እየቀረጠፈች ብታስቸግር፣ ተናኜ አፉ በተሸረፈ ጋን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ አኑራት ነበር።

ከቀብሩ ወዲህ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ተናኜ ውኃ ቀድታ ትመለስ በነበረበት ሰዓት፣ ጋኑ ከውስጥ ይደለቅ ጀመር። ይርሳው ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ አይጧ ጆሮዋን ቀስራ፣ በኋላ እግሮቿ ጭዱን ትደልቃለች፤ ዓይኗ በትከሻው አሻግሮ ወደ በሩ ያያል። ዞሮ ቢመለከት ማንም የለም።

ነገሩ ሲደጋገም ነፍሱ ተጨነቀች። ሜዳ ወስዶ ሊለቃት ቆረጠና እጁን ከላይ ሰዶ ጅራቷን ያዘ። አይጧ ስትስፈነጠር የጅራቷ ጫፍ ቆዳ ከነጸጉሩ ተገፎ ጣቱ ላይ ቀረ። ያን ዕለት እህል አልቀመሰም።

ለተዝካሩ የመጡት አማቱ እሜቴ ወለተ ኢየሱስ የጅራቷን ቁስል አይተው አልተቆጡም። ጭዱን በንጹሕ እንዲለውጥላት ነገሩትና ልጃቸው እንዴት ትይዛት እንደነበር አሳዩት። ብትወድቅ እንዳትጎዳ መሬት ላይ መቀመጥ ነው፤ እጅን በተሸረፈው ጎን አስገብቶ፣ መዳፍ ላይ ጥሬ አድርጎ መጠበቅ፤ ራሷ ስትወጣ ውኃ እንደሚታፈስ በሁለት መዳፍ መደገፍ።

«ከላይ የመጣባት ሁሉ ለእሷ ጭልፊት ነው» አሉት። «ከያዟት በኋላም በድንገት አይነሡ።»

በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እሜቴ ደጅ ሳሉ፣ ይርሳው እንደተባለው አደረገ። አይጧ ብዙ አመነታችና መዳፉ ላይ ወጣች። ልቧ ሲመታ ይሰማዋል። ወዲያው እዚያው እጁ ላይ ትደልቅ ጀመር። ከኋላው እንስራ መሬት ሲቀመጥ፣ ውኃው ሲናጥ ሰማ። ዘሎ ሊነሣ ፈለገ፤ ግን አይጧ በእጁ ናት፤ አልተነሣም፣ አልዞረም። ጥቂት ቆይታ አይጧ መደለቋን ተወችና ፊቷን ትጠርግ ገባች።

ኋላ የሰማውን ለእሜቴ ነግሮ፣ ወደ ቤት ገብተው እንደሆነ ጠየቃቸው። ከደጅ እንዳልተነቃነቁ ነገሩት።

«ተናኜ በስምዎ ጠራችዎ?» አሉት።

«አልጠራችኝም።»

«እንግዲያ ለእርስዎ ሳይሆን ለአይጧ ነዋ የመጣች።»

ከዚያ ወዲህ ይርሳው ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቤቱ ይገባል። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ አይጧን መዳፉ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ይቀመጣል።