ለግራ አውራ ጣት የሚሆን ሪሞት

ሲቲ ሦስቱን ሪሞቶች በፌስታል ቋጥራ ጉርድ ሾላ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስትደርስ ልቧ ቤቷ ቀርቶ ነበር። ባለቤቷ አብዱራሕማን ከአዲስ አበባ ደሴ ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። አምና ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ከግራ እጁም የሚበረታው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ልጃቸው ኻሊድ አባቴን ደስ ይበለው ብሎ ከዱባይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚያጎላ ሆም ቴአትር ላከለት። ግን ለቴሌቪዥኑ አንድ ሪሞት፣ ለሪሲቨሩ አንድ፣ ለሆም ቴአትሩ አንድ። አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይወድቅበታል፤ አንሱልኝ ከማለት ዝም ማለት ይመርጣል። ሲቲን የሚያቃጥላት ይሄ ዝምታው ነው። በገዛ እጁ የሚያዝበት አንድ ነገር እንኳ ይኑረው ብላ ነው የወጣችው።

«ማዘር፣ የሚፈልጉት ዩኒቨርሳል ነው» አለ ባለሱቁ ሐዱሽ፣ ሁለት ሪሞት ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ። «ይሄ ሦስቱንም ይሠራል።»

ቁልፎቹ ከአርባ ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱ ምስር ነው የሚያክል።

«ይሄ ባለ ስድስቱስ? ቁልፉ ትልልቅ ነው።»

«እሱ ለቴሌቪዥን ብቻ ነው። ሆም ቴአትሩን አያውቀውም።»

«ታዲያ ድምፁን በምን ይቀንስ?»

«በዚያኛው።»

«ያኛውን መጫን አይችልማ፣ ልጄ።»

ሐዱሽ ሳቀ። «እኔ እንግዲህ ሪሞት እንጂ ጣት አልሸጥም፣ ማዘር።»

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። ጎረቤቷ ፈትያ ናት።

«አንቺ ሲቲ! ሠርግ ደገስሽ እንዴ? ሕንፃው እኮ እየተናወጠ ነው! ባንኳኳ የሚከፍት የለም።»

የሲቲ ዓይን ፌስታሉ ላይ ቀረ። ጠዋት ዜናው አልሰማ ሲለው ድምፁን ከፍ አድርጋለት ወጣች፤ ከዜናው ቀጥሎ ሙዚቃ እንደሚመጣ አላሰበችም። ለናሙና ይሆናል ብላ ሦስቱንም ሪሞት ለቅማ መጥታለች። በሩንም ሌባ ይገባበታል ብላ ከውጭ ቆልፋዋለች።

«ፈትያ፣ በአላህ! ደረጃው ጋ ያለውን ቆጣሪያችንን አጥፊው!»

ፈትያ ወደ ቆጣሪው ስትሄድ ሙዚቃው በስልኩ ይሰማል። ከስልኩ ወዲያ ያለው ጩኸት ድንገት ተቆረጠ።

«ጠፋ» አለች ፈትያ። «ቆይ፣ አንድ ነገር እያለ ነው።»

«ምን ይላል?»

«እንጃ… ክፈቱልኝ የሚል ይመስለኛል።»

ከዚህ ቤታቸው ቡልቡላ ድረስ፣ ታክሲ ቢገኝ እንኳ፣ ከሰዓት በላይ ነው።

«መጣች በይው።»

«ብየዋለሁ። አሁንም ይላል።»

«የቱን ልጠቅልል?» አለ ሐዱሽ። አሁን አይስቅም።

«በባለ ስድስቱ ማጥፋት ይችላል?»

«ቴሌቪዥኑን አዎ። ድምፁ ግን ከሆም ቴአትሩ ስለሚመጣ…»

«እሱን ስጠኝ» አለችና ብሩን ባንኮኒው ላይ ጥላ ሳይጠቀልልላት ከእጁ ወሰደችው። አብዱራሕማን ከበሩ ወዲያ የሚለውን ለመስማት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ ወደ ታክሲው ሰልፍ ሮጠች።