የአብዱልሐሚድ ጉርሻ

ዶክተር ላጲሶ ከጠዋት ጀምሮ ወገቡን አላሳረፈም። ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው፤ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ክሊኒክ በመኪና የተገጨውም በቡጢ የተመታውም፣ ፊቱ የተሰበረ ሁሉ ይጎርፋል።

አሁን ደግሞ የወሎ ሰፈሩ መካኒክ ሚስባህ አገጩን በፎጣ ደግፎ ገባ። ከክሪክ ያመለጠ ብረት መንጋጋውን ሁለት ቦታ ከሰበረው አራት ሳምንቱ ነው። ላጲሶ የላይና የታች ጥርሶቹን በሽቦ አንድ ላይ አስሮ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ስድስት ሳምንት ሾርባና ወተት ብቻ በቀጭን ቱቦ እንዲጠጣ አዝዞት ነበር። ድንገት ትውከት ቢያንቀው ሽቦውን የሚበጥስበት መቁረጫም ሰጥቶታል።

ሽቦው ተቆርጧል።

"አስመለሰህ እንዴ?"

ሚስባህ በሩን እያየ፣ ቃላቱ እየተንሻፈፉበት፣ "አባቴ ከወራቤ መጣ" አለ። "ከስተሃል ብሎ ክትፎ ጠቅልሎ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ ጓዳ ሮጬ ቆረጥኩት። የአባት እጅ ይመለሳል እንዴ ዶክተር? በጉርሻው መሆኑን ግን እንዳትነግረው፤ ጸጸቱ ይገድለዋል።"

ላጲሶ ሊቆጣ ፈልጎ አቅም አጣ። እሱም የሆሳዕና ልጅ ነው፤ የአባቱን ጉርሻ መልሶ አያውቅም። ግን አጥንቱ ተላቅቋል። ተከፍቶ እንደገና ካልታሰረ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ጠማማ መንጋጋ ይዞ፣ ማኘክ እንዳቃተው ሊቀር ነው።

አባትየው፣ አቶ አብዱልሐሚድ፣ ከኮሪደሩ ተጠሩ።

"አባባ፣ ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል።"

"ደግሞ ምን ሆነ?"

ሚስባህ በዓይኑ ለመነው።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ሽቦውን በደንብ አላጠበቅኩትም ነበር።" በጣም ደክሞት ነበርና ውሸቱን ሳያስብበት ተናገረው።

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት። "እንግዲያማ ልጄን ሁለተኛ አትነካውም። ተነስ ሚስባህ፣ አገር ቤት ደህና ወጌሻ አለ።"

ላጲሶ ደነገጠ። "ይቆዩ አባባ! ሽቦውን የቆረጠው እርስዎ ሲያጎርሱት ነው፤ እጅዎን ላለመመለስ ብሎ..."

"አሁን ደግሞ በኔ ልታሳብብ ነው?" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እውነቱን ነው?"

ሚስባህ ሐኪሙን አየ፤ አባቱን አየ።

"አይደለም፣ አባ" አለና ተከትሏቸው ወጣ።