ከጉድጓዱ ደጅ የተማርኩት የፊደል እንቆቅልሽ

ወንዙ የድንጋይ ከሰል ማውጫውን ጉድጓድ ሰብሮ የገባ ጠዋት ባሌ ኤምሪስ ታች ሥራ ላይ ነበር። እኛን ሴቶቹን ጉድጓዱ ደጅ ባለው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሰበሰቡን። ውሃ መሳቢያው ሞተር ሲያጓራ ይሰማናል፤ ሲቆም ትንፋሻችንን እንውጣለን።

አማቴ ብሎድዌን አጠገቤ ናት። እኔ የፖላንድ ስደተኞች ልጅ ስለሆንኩ፣ ልጇን ካገባሁ ወዲህ ከ«ጨው አቀብዪኝ» ያለፈ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ከቦርሳዋ ጋዜጣና እርሳስ አውጥታ የእንግሊዝኛ የፊደል እንቆቅልሹን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«ልጅሽ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጨዋታ አማረሽ?» አለቻት ጎረቤታችን ኦፓል፤ የሷም ባል ፍሎይድ ታች ነው።

«አንቺ ጸልዪ፣ ኦፓል። እኔ እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ አብዳለሁ።» ወደኔ ዞረች። «አንቺም እንኪ፣ እርሳሱን ያዢ።»

«አልችልበትም፣ እማማ።»

«ማን ችሎ ተወለደ? ፍንጩን አንብበሽ መልሱን እዚህ ትጽፊያለሽ። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ያንኑ ቁጥር በያዘው ሳጥን ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ሳጥኖቹ ሲሞሉ የአንድ ሰው ንግግር ይወጣል። የመልሶቹን የመጀመሪያ ፊደል ቁልቁል ስታነቢ ደግሞ የተናጋሪውን ስም ታገኛለሽ።»

የመጀመሪያውን ፍንጭ አላወቅሁትም። ሁለተኛውንም። እርሳሱን ልወረውር ስል እጄን ቀጨም አደረገችው።

«የማታውቂውን እለፊው! የምታውቂውን ፈልጊ።»

«መርከብ አስሮ የሚያቆም ብረት» የሚል አገኘሁ። መልህቅ! በእንግሊዝኛ ኤ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ አር። ፊደሎቹን በየሳጥናቸው አስገባኋቸው። ተከታትለው ከቆሙ ሦስት ሳጥኖች መሃለኛው ውስጥ ኤች ገባች።

«ይቺ ቃል ምን ትሆናለች?» አለች አማቴ።

ግራና ቀኟ ቲና ኢ ጻፍኩ። «‹ዘ› የምትለዋ ቃል።»

«ጎሽ! አሁን ፊደሎቹን ወደ ፍንጮቹ መልሻቸው።»

ቲዋ ሄዳ ያለፍኩትን ፍንጭ ፈታችልኝ። ሞተሩ የቆመው ያን ጊዜ ነው። ቆመና ቀረ። አንዷ ሴት ማልቀስ ጀመረች።

«ጻፊ» አለችኝ አማቴ። «የኤምሪስ አባት እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ቀን ባዶ እጄን ነበርኩ። ጻፊ አልኩሽ!»

በሩ ተበረገደ። «የወጡ አሉ!» አለ የሠራተኞቹ አለቃ።

ሁሉም ሲሮጥ አማቴ መነሳት አቃታት። «እግሬ እምቢ አለኝ። ሂጂ፣ እዪልኝ።»

ሮጬ ጉድጓዱ አፍ ደረስኩ። የሚወጡት ሁሉ በከሰል ጠቁረው አንዱ ካንዱ አይለይም። ፊት ለፊታቸው እየቆምኩ አየኋቸው። አይደለም። ይሄም አይደለም። በመጨረሻ በቃሬዛ የመጣው ዓይኑን ገለጠ።

«ብሮኒያ፣ እናቴስ?» አለኝ ኤምሪስ።

«እማማ! አለ!» ብዬ ጮህኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እየተደገፈች መጣች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው፤ ግንባሩን ሳመችው።

ከሱ በኋላ ማንም አልወጣም። ኦፓል ግን ከጉድጓዱ አፍ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ለሱ ሐኪሞቹ አሉለት» አለችኝና አማቴ ክንዴን ይዛ ወደ ኦፓል ወሰደችኝ። ጭቃው ላይ ኦፓልን መሃል አድርገን ተቀመጥን።

«ፍሎይድ ውሃ አይወድም» አለች ኦፓል።

«አውቃለሁ» አለቻት አማቴ። «አውቃለሁ፣ እህቴ።»