የአቶ መሳፍንት ከሰል

አሰልጣኙ አሳምነው እንደጻፈው ከሆነ፣ የቤዛዊት አባት አቶ መሳፍንት ዱር መንጣሪ ከሰል አክሳይ ነበሩ፤ ልጃቸው «የአካባቢ ጥበቃ ወጣት መሪ» ለመሆን ሥልጠና ገብታ መጥረቢያውን ከእጃቸው አስጣለቻቸው። አዘና ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ግን፣ አቶ መሳፍንት ጤፍ አልሰጥ ባለው የገዛ መሬታቸው ላይ ግራር ተክለው፣ ሲደርስ ቆርጠው አክስለው፣ ክረምት ሲገባ ግራሩ ባዳበረው በዚያው መሬት ላይ ጤፉንም ግራሩንም መልሰው የሚያበቅሉ ሰው ናቸው። የማንንም ደን ነክተው አያውቁም። ሁለቱ ወሬዎች የሚገናኙት ከሰሉ ላይ ብቻ ነው።

የአሳምነውን ጽሑፍ አርብ በእንግዶችና በሬዲዮ ጋዜጠኛ ፊት የምታነበው ራሷ ቤዛዊት ናት። ካነበበች ባሕር ዳር ወጣቶችን እንድታስተባብር ትላካለች። ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ፈልጋ ካጣች ቆይታለች፤ እንዲህ ያለ ዕድል ዳግም ላይመጣ ይችላል።

«እንዲህ አልሆነም እኮ» አለችው ሐሙስ ጠዋት።

«ቤዚ፣ ለውጥ የሌለበት ታሪክ ማን ይሰማል? ደግሞ አባትሽ የት ያገኙታል?»

«ሬዲዮ አላቸው።»

አሳምነው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተራቆተ ተራራ ሲያይ ከልቡ ያዝናል። ሥልጠናው ከሚሰጥበት የቆሰበር ሆቴል ወጥቶ የአንድ ገበሬ ማሳ ግን አልረገጠም። ረቡዕ ዕለት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ችግኝ ሊተከል መኪና ከቀረበ በኋላ ዝናብ ጣለና ቀረ። ችግኝ ከተፈጠረ ጀምሮ ዝናብ ጠላቱ ሆኖ የተገኘው ያን ቀን ነው። የነገዎቹ መሪዎች ችግኙን በሆቴሉ በረንዳ ላይ አቅፈው ፎቶ ተነሡና ወደ ሻያቸው ገቡ። ችግኙ በረንዳው ላይ ቀረ።

የሐሙስ ምሳ ሸክላ ጥብስ ነበር። ከሰሉ ሊጠፋ ሲል አሳምነው አጠገቡ ያገኘውን ወረቀት አንሥቶ አራገበው። ጠዋት ለሠልጣኞቹ ያደለው ወረቀት ነው፤ «ከሰል ነገን ያቃጥላል» ይላል። ፍሙ ደህና አድርጎ ያዘ።

«ጥሩ ከሰል ነው» አለ ሥጋውን እያላመጠ።

«የግራር ነው» አለች ቤዛዊት። «የኛ አገር።»

የዳንግላዋ ሠልጣኝ እንቁ በክርኗ ጎሰመቻት። «አንቺ፣ ዝም ብለሽ ብዪ። ባሕር ዳር ከገባሽ በኋላ ጣና ዳር ቁጭ ብለሽ አባትሽን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

አርብ አዳራሹ ሞላ። ቤዛዊት ማይክ ተሰጣት፤ ጋዜጠኛው መቅረጫውን አስጠጋላት። የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር «አባቴ ደን አጥፊ ነበር» ይላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት በተሰበሰበበት ይህ ከሬዲዮው ሲወጣ፣ አባቷም አንገታቸውን ሲደፉ ታዩዋት።

ወረቀቱን አጠፈችው።

«አባቴ ደን አጥፍተው አያውቁም» አለች። «ትናንት ጥብስ የበላንበትን ግራር ተክለው የሚያሳድጉት እሳቸውና የእሳቸው ብጤዎች ናቸው።»

«ቤዚ» አለ አሳምነው ከኋላዋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቤዛዊት ነኝ። ለባሕር ዳሩ ሌላ ሰው ይምረጡ። እኔ በረንዳ ላይ የቀረውን ችግኝ ይዤ አዘና እገባለሁ፤ ነገ ከአባቴ ጋር እንተክለዋለን። ዝናብ ከጣለማ እሰየው።»