ላንሳ?

ኪሩቤል ፎቶ ማንሳት ያውቅበታል፤ የማያውቅበት ማስፈቀድ ነው። ከአርባ ምንጭ መጥቶ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከተቀጠረ ወዲህ፣ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የጥንት ከተማ በተባለበት ሁሉ ይዞራል። ሰው ማየት ይወዳል። ሰው ሲያየው ግን መግቢያ ይጠፋዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚያነሳው፤ ሰውየው ድንገት ዞር ካለ ኪሩቤል ካሜራውን ቀና አድርጎ ደመና ማንሳት ይጀምራል።

የፎቶ ዐውደ ርዕይ የምታዘጋጀው ባልደረባው ሕይወት፣ ያመጣላትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። የደብረ ሲናው ጀርባ ነው፤ የአንኮበሩም ጀርባ ነው። እነዚህ ሰዎች ፊት የላቸውም ወይ ብላ ጠየቀችው። ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ ልታቆይለት ተስማማች፤ ዐውደ ርዕዩ ከመከፈቱ በፊት ግን ባለቤቱ የፈቀደበትን አንድ የሰው ፊት ካላመጣ ቦታው የሌላ ይሆናል። ኪሩቤል ያቺን ቦታ ከማንም በላይ ፈልጓታል። ሕይወት ፊት ማፈሩን ደግሞ ከሞት ለይቶ አያየውም።

የገበያ ቀን ጠብቆ አንኮበር ድረስ በሚኒባስ ሄደ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ አልዩ አምባ ገባ። መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያጠና ነበር፦ እናቴ፣ ፎቶ ላነሳዎት ፈልጌ ነበር፤ ይፈቅዱልኛል? ገበያው መሀል ሲደርስ ግን ያው የለመደው አመል አሸነፈውና እስከ እኩለ ቀን ጀርባ ሲያነሳ ቆየ።

ገበያው ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ተቀምጠዋል። እማማ መሪማ ናቸው፤ ኪሩቤል ስማቸውን የሰማው በኋላ ነው። ሳይሸጥ የተረፈ ሽንኩርት የያዘ ማዳበሪያ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው አላፊ አግዳሚውን ይመለከታሉ። ፀሐይዋ ግማሽ ፊታቸው ላይ አርፋለች። ኪሩቤል ቀረበ። ካጠናው ዓረፍተ ነገር እናቴም፣ ፎቶም፣ ይፈቅዱልኛልም ተውጠው ቀሩና አንዲት ቃል ብቻ አመለጠችው።

«ላንሳ?»

«አንሳ ልጄ፤ ጀዛከላህ» ብለው መረቁት።

ደስታውን አልቻለውም። ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሊያስጠጋ ሲል ግን ባልቴቷ ብድግ ብለው ቀሚሳቸውን አራገፉና የማዳበሪያውን አፍ ማሰር ጀመሩ።

«በትከሻህ ይሻልሃል በጀርባህ?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን አስረድቶ፣ ስቆ ይገላገል ነበር። ኪሩቤል ግን ሰው ከማስቀየም ዳገት መውጣት ይቀለዋል። «በትከሻዬ» አለ።

ቤታቸው ደግሞ ቅርብ አይደለም፤ ዳገቱ አልቆ፣ ከመስጊዱም በላይ ነው። ሽንኩርቱ ትከሻውን፣ ካሜራው ሆዱን እየደበደቡት ላብ በላብ ሆነ። ዕድል ሲያሾፍ፣ ጠዋት ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ሁሉ እጁ በታሰረ ሰዓት መጣ። ሁለት የተኳረፉ ሽማግሌዎች አንድ ዣንጥላ ተጋርተው፣ ፊታቸውን ግራና ቀኝ አዙረው ያልፋሉ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሹን ላጭቶ ትቶት ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል። አንዲት ፍየል ሻይ ቤት ገብታ ከወንበር ላይ ቆማለች። ኪሩቤልን ሲያዩ ሽማግሌዎቹም ኩርፊያቸውን ረሱ፤ ክርክሩም ቆመ። በአንገቱ ካሜራ፣ በትከሻው ሽንኩርት፤ ከዚህ የበለጠ ምን የሚታይ ነገር ይገኛል?

እማማ መሪማ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሳይሉ አያልፉም፤ እሳቸው በቆሙ ቁጥር እሱም ይቆማል። መንገደኛውን እያዩ ይተርኩለታል። ያ አዲስ ቆብ ያጠለቀው ታጁ ነው፤ ዛሬ በሀፊዛ ደጅ ስንቴ እንዳለፈ እሱ አይቆጥረውም፣ ሀፊዛ ግን ትቆጥረዋለች። ያቺ ቀስ ብላ የምትራመደው ኮርታ ሳይሆን ጫማዋ ጠቧት ነው። ኪሩቤል እየሳቀ ክብደቱን ረሳ። ሰው አያለሁ ብሎ ይህን ያህል ጊዜ ሲዞር እንዲህ አይቶ እንደማያውቅ ገባው፤ ትንሽም ከፋው።

ደጃፋቸው ላይ ሸክሙን አወረደ። ውሃ ሰጡት። ጠጥቶ፣ ትከሻውን እያሸ ሊሰናበት ሲል በአገጫቸው ወደ ካሜራው አመለከቱ።

«በል አሁን አንሳ።»

«ምኑን?»

«እኔን ነዋ። ለሱ አይደል የመጣኸው?»

ለካ ከጠዋት ጀምሮ ሲያዩት ነው የዋሉት። ቃሪያ ሻጯን ከኋላዋ፣ አህያ ነጂውን ከኋላው ሲያነሳ፣ ዞር ሲሉበትም ደመና ሲያነሳ እንደነበር፣ ሰማዩ ላይ ግን ምንም ደመና እንዳልነበረ ነገሩት።

«ፈሪ መሆንህን ያን ጊዜ አወቅሁ» አሉ። «ፈሪ ለናቱ ይባል የለ፤ ዛሬ ለኔ ሆንክ። ሽንኩርቱም ከብዶኝ ነበር።»

ኪሩቤል ሳቁ አመለጠው፤ እሳቸውም ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ያነሳውን ሲያይ ማመን አቃተው። ፊታቸው ሙሉ ሳቅ ነው፤ በዕድሜው እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም።

ዝም ብሎ ይዞት ቢሄድ ማን ያውቅበታል? እስከዛሬ ሲያደርግ የኖረውም ይህንኑ ነው። አብሮት ዳገት የወጣን ሰው ከኋላ መስረቅ ግን አስጠላው። ፎቶውን አሳያቸው። ደብረ ብርሃን ወስዶ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው እንደሚፈልግ፣ ስማቸውንም ከሥሩ እንደሚጽፍ አንዲት ቃል ሳይውጥ ጠየቃቸው። እሺ እንደሚሉት እርግጠኛ ነበር።

እማማ መሪማ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት።

«አይሆንም» አሉ። «የወለቀው ጥርሴ ይታያል። ላንተ ሳቅሁ እንጂ ለደብረ ብርሃን አልሳቅሁም።»

ኪሩቤል አጥብቆ ቢለምናቸው ምናልባት እሺ ይሉት ነበር። አልለመነም። እያዩት አጠፋው፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ያን ጊዜ እማማ መሪማ በርጩማ ስበው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ አፋቸውን ግጥም አደረጉ። ለቀበሌ መታወቂያ የሚነሱ ይመስል ካሜራውን ፊት ለፊት አዩትና፣ መሪማ ብለህ ጻፍ፣ ይችን ስቀል አሉት።

ፎቶውን አሳትሞ ለሕይወት ሲሰጣት ይቅርታ ሊጠይቃት ዳድቶት ነበር። የተሻለ እንደነበረው፣ እንደጠፋ ሊነግራት ፈለገ። ሕይወት ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ብዙ አየችው። ከንፈራቸው ተገጥሟል፤ ጉንጫቸው ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት ተወጥሯል፤ ዓይናቸውም ፊታቸው የቆመውን ሰው ደህና አድርጎ ያውቀዋል።

«ምን አድርገህላቸው ነው እንዲህ የሚያዩህ?» አለችው።

ኪሩቤል ከሽንኩርቱ ጀምሮ ይነግራት ገባ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሳይደርስ ባቆየችለት ቦታ ሚስማሩን መትታ ጨርሳለች።