ለአቶ የሺዋስ የተላከ ፖስታ

"አቶ የሺዋስ፣ ወደ ቤትዎ ሳይመለሱ የቀሩት ለምንድን ነው?"

ከቶሮንቶ የመጣው ደብዳቤ የሚጠይቀው ይህን ነበር፤ የደረሰው ግን ለልጁ ለውብነሽ ነው። አባቷ የሺዋስ አሰብ ድረስ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። "አርብ እመለሳለሁ" ብሎ ከወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል።

ውብነሽ ማንበብና መጻፍ የጀመረችው በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ገብታ፣ ዋይትሆርን የሚባለው ሰፈር በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ነው። በእንግሊዝኛ፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር፣ የአባቷን ታሪክ ጻፈች። አስተማሪዋ አንብባ ዓይኗን ጠረገችና "ለኤጀንቶች ላኪው" አለቻት። ኤጀንት ማለት ጽሑፉን ከወደደው አሳታሚ የሚፈልግለት ሰው ነው። ደንባቸው ግን ጥብቅ ነው፦ አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች፣ ደግሞም ላኪው በገዛ እጁ አድራሻውን የጻፈበትና ቴምብር የለጠፈበት ባዶ ፖስታ። መልሱ የሚመጣው በዚያ ነው።

ስድስት አዘጋጀች። ፎርም በሞላች ቁጥር "ላስት ኔም" ሲሏት የአባቷን ስም መጻፍ ስለለመደች፣ ማመልከቻውም ሥር፣ ፖስታውም ላይ "የሺዋስ" ብቻ ብላ ጻፈች። በታሪኩ ውስጥ ያለው ሾፌርም የሺዋስ ነውና ኤጀንቶቹ ሁሉ ባለታሪኩ ራሱ የጻፈ መሰላቸው። አምስቱ "ውድ አቶ የሺዋስ፣ አዝናለሁ" ብለው መለሱ።

"እማዬ፣ ሪጀክት ያደረጉት እኮ አያቴን ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ!" ይላት ነበር ልጇ ዮናታን እየሳቀ።

ከቶሮንቶ የጠየቀችው ስድስተኛዋ ኤጀንት ናት። ሾፌሩ የቀረበትን ምክንያት የያዘ የመጨረሻ ምዕራፍ ከመጣላት ለመጽሐፉ አሳታሚ ልትፈልግለት ፈቅዳለች።

በዚያው ሳምንት ዮናታን ምድር ቤታቸውን ከተከራየው ከዘካርያስ ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ማውጫው ካምፕ፣ ዕቃ የማድረስ ሥራ አገኘ። ያኔ መንዳት የሚችል ሁሉ ወደዚያ ይሄድ ነበር። "ቅዳሜ ወጥቼ አርብ እመለሳለሁ" ሲላት የአባቷ ቃል ትዝ አላት።

ሐሙስ ቀን ሰባተኛ ፖስታ መጣ።

የላከችው ስድስት ነው። ስድስቱም ተመልሰው መሳቢያዋ ውስጥ አሉ። የዚህኛው አድራሻ ጽሕፈት ግን የራሷ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ጭራ እንኳ እንደ ወትሮዋ ጠሟል። ውስጡ ከደብተር የተገነጠለ ገጽ ነበር፦

"አርብ እመለሳለሁ ያልኩት ከልቤ ነው። አንድ ጉዞ ጨመሩልኝ። አልተኛሁም ነበር። መንገዱ ነጭ ነው። ሰው የቆመ መሰለኝና መሪውን አዞርኩ።"

ከሥሩ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። አባቷ ደመወዙን ሲቀበል የሚፈርመው እንዲህ ነበር። በአማርኛ እንኳ ስሙን አይጽፍም፤ ይህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

የአሰብ መንገድ በጨው ሜዳ ያልፋል፣ ነጭ ነው ሲሉ ሰምታለች። ዓይኗ ግን ሳታስበው ወደ መስኮቱ ሄደ። ውጭ በረዶ ብቻ ነበር።

ይህን ገልብጣ ብትልክ መጽሐፉ መጨረሻ ያገኛል። እስክሪብቶ አነሳች። መልሳ አስቀመጠችውና ዮናታንን ጠበቀች።

ዮናታንና ዘካርያስ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። ወረቀቱን ሰጠችው።

"ካም ኦን እማዬ፣ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። አያቴ ደግሞ መቼ ኢንግሊሽ ቻለ?"

"እትዬ ውብነሽ፣ ሰማይ ቤትም የእንግሊዝኛ ክፍል ተጀመረ እንዴ?" አለ ዘካርያስ።

"አሻራውስ?" አለች።

ዮናታን ሊቀልድ አውራ ጣቱን አሻራው ላይ አሳረፈ። ልክክ አለ። ጣቱን አንስቶ ጎንበስ ብሎ አየ። አሻራውን አንድ ባዶ መስመር በሰያፍ ይቆርጠዋል። ዮናታን በሰባት ዓመቱ አውራ ጣቱን ቆርቆሮ ቆርጦት ነበር፤ ጠባሳው በሰያፍ ነው።

ዮናታን ወረቀቱን እንደገና፣ አሁን ቀስ ብሎ አነበበው።

"ዛሬ ከምሳ በኋላ ደውለው አንድ ጉዞ ጨመሩልኝ" አለ። "ለማንም አልተናገርኩም።"

"አትሂድ። ዘካርያስ፣ አንተም ቅር፣ የኔ ልጅ።"

"የኔ አሻራ የለበትም፣ እትዬ" አለ ዘካርያስ፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

ውብነሽ ወረቀቱን ከስድስቱ ጋር መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችበት። ወደ ቶሮንቶ ምንም አልጻፈችም።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ደጃፉ ላይ ጥሩምባ ነፋ። ዮናታን ቀረ። ዘካርያስ ግን "አርብ እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ።