እንቅልፋም የተባለው ሾፌር

ሾፌሩ መታወቂያ ካርዱን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ማንበቢያው አስጠጋ። አውቶቡሱ ግን አልነሳም አለ። መሪው አጠገብ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ቀይ ጽሑፍ በራ፦ «ታግደዋል። ምክንያት፦ በሥራ ላይ ማንቀላፋት።»

ከኋላው ተሳፋሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲነዳ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም። አሁን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንቅልፋም ተብሎ ወረደ።

የእግድ ደብዳቤው በስልኩ መጣለት። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ መርፌዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አለ። በማሽን ብቻ የተወሰነብህን ነገር ሰው እንዲያይልህ፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ እንዲሰጡህ መጠየቅ ሕጋዊ መብትህ ነው ይላል።»

«ተይኝ እስቲ! ከኮምፒውተር ጋር ምን ያከራክረኛል?»

«ከኮምፒውተር ጋር ማን ተከራከር አለህ? ሰው ጥራልኝ በላቸው። በል ተነስ!»

ማመልከቻውን በእጇ ጽፋ አስያዘችው፤ እሱም ወደ ስምሪት ቢሮው ይዞት ሄደ። የስምሪት ኃላፊው በዕድሜ ልጁ የሚሆን ወጣት ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣

«ጋሼ፣ መሪዎ ፊት ያለው ካሜራ በአንድ ሳምንት ብቻ አርባ ጊዜ ዓይንዎን ሲከድኑ ይዞዎታል» አለው።

«አንተስ አየኸኝ?»

«እኔ ምን አያለሁ? ሪፖርቱ ይኸው።»

«ሕጉ ሰው ይየው ነው የሚለው። ቀና በልና እየኝ፣ ልጄ።»

ኃላፊው ሳይወድ ቀና አለ። የሾፌሩ የግራ ዓይን ቆብ ሲፈጠር ጀምሮ እስከ ግማሽ የወረደ ነው፤ ባልደረቦቹ «ጠቃሹ» የሚሉት በዚሁ ነው። ኃላፊው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። በአርባዎቹም ላይ የግራ ዓይኑ ግማሽ ክድን፣ የቀኙ ግን ፍጥጥ ብሎ መንገዱን ያያል። ተነስቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነገ ጠዋት መሪዎ ላይ ነዎት። ብቻ ይቺን ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱ አንድ መስመር ነው፦ «ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ያቀረብኩትን ጥያቄ ትቻለሁ።»

«ለምን እተወዋለሁ?»

«ስህተቱን በጽሑፍ ካመንን ሌሎቹም ይመጡብናላ! ካሜራው በዚህ ወር ብቻ አሥራ አራት ሾፌር አግዷል። እምቢ ካሉ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይመራል። ሁለት ወር ቤትዎ መቀመጥዎ ነው።»

ሾፌሩ ከአሥራ አራቱ አንዷን ያውቃታል፤ አብራው በአንድ መስመር ስትሠራ የኖረች ባለ ወፍራም መነጽር ሴት። ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ፣ «ሳላውቀው አንቀላፍቼ ይሆናላ» ብላው ነበር። እሱም ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡሱ ሲወርድ፣ ለአፍታም ቢሆን ራሱን ጠርጥሯል። ያ ነው አሁን ያንገበገበው።

እስክሪብቶውን አነሳ። ኃላፊው እፎይ አለ። ሾፌሩ ግን «ትቻለሁ» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ «አልተውኩም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ፈረመበት።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

«ኮፒ አድርግልኝ። ማኅተምም ምታበት።»

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠ። ሾፌሩ ማኅተሙን ሊጠብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።